እስከ ሰኔ ውሃ እንዳይነካት፦ የወይዘሮ ሥራዬ አበበ የሕይወት ታሪክ (1949–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሥራዬ አበበ ከአባታቸው ከአስር አለቃ አበበ ወልደ ሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተማርያም ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1949 ዓ.ም. እዚሁ ሐረር ተወለዱ። አባታቸው በወታደር የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ የሚመቱ ሰው ነበሩ፤ የሰልፍ ቀን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከሥራዬ በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች ገና ድክ ድክ ሳይሉ ስለሞቱ፣ እናታቸው ይህችኛዋንም እንዳያጧት ፈርተው ከሰው ዓይን ደብቀው ነው ያሳደጓት። እንግዳ መጥቶ «ልጅሽስ የታለች?» ሲል «ተኝታለች» ይላሉ፤ ልጅቷ እኮ ከበሩ ኋላ ቆማለች! እትዬ ሥራዬ ይህን ሲያወሩ ከልባቸው ይስቁ ነበር። ግን የሚወዱትን ነገር ከሰው የመደበቅ አመል እሳቸውም ላይ ቀረ። ወደፊት እንደምንሰማው ያ አመል መጨረሻ ላይ አስለቀሳቸው።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በሐረር ጨርሰው፣ በመምህርነት ሰልጥነው፣ የሶማሊያው ጦርነት በረድ ሲል በ1971 ዓ.ም. ሶፊ ገጠር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ተመደቡ። አብረዋቸው የተመደቡት ወደ ከተማ ለመቀየር ደጅ ሲጠኑ፣ እሳቸው እዚያው ቀሩ። መጀመሪያ የቀሩት ኦሮምኛውን ከተማሪዎቻቸው ስለለመዱና ልጆቹ ስለወደዷቸው ነው። በኋላ ግን ሌላ ምክንያት መጣ።

በ1973 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያልታሰበ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸውና ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ጫካ ተጠለሉ። ዝናቡ ሲያባራ እግራቸው ሥር አዩዋት። ሁለት ቅጠል ብቻ አላት፤ ቅጠሎቿ እንደ ጆሮ መሬት ላይ ተለጥፈዋል። ከመሐላቸው አንድ አገዳ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ነጫጭ አበባ ይዟል፤ እያንዳንዱ አበባ ከኋላው እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ጭራ አለው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሽታዋ ጫካውን ሞላው። እትዬ ሥራዬ ልብሳቸው እንደበሰበሰ እዚያው ቁጢጥ ብለው ቀሩ። ከኦርኪድ ወገን መሆኗን ያወቁት ብዙ ቆይተው ነው፤ ያኔ «የጫካዋ» አሏት፣ እስከ መጨረሻውም የጠሯት በዚሁ ስም ነው።

በ1975 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሾፌሩ ከአቶ እንደሻው ደሳለኝ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ሊጋቡ ሰሞን አቶ እንደሻው ደስ ያሰኟቸው መስሏቸው፣

«ለሠርጋችን ከጫካዋ አበባ ቆርጬ አመጣልሻለሁ» አሉ።

«ብትቆርጣት ሠርጉም ይቀራል!»

«ለአንድ አበባ ብለሽ?»

«ሞክረኝና ታየዋለህ።»

አልሞከሩም። ከዚህ ጋብቻ ማህሌት እንደሻው እና ሄኖክ እንደሻው የሚባሉ ሁለት ልጆችን አፈሩ። መኖሪያቸውን ያደረጉት ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ዝቅ ብሎ፣ ከወይዘሮ ናፊያ እና ከባለቤታቸው ከአቶ አሚን ጋር በአንድ ግቢ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ለፋሲካውም ለዒዱም አንዱ የአንዱን በር ሳያንኳኳ ይገባል። የወይዘሮ ናፊያ ልጅ ዋፊቃ አፏን የፈታችው እትዬ ሥራዬ ጭን ላይ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ጥር ላይ ያቺ ጫካ ያለችበት መሬት ባለቤት ኦቦ ሙሜ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው እትዬ ሥራዬን አስጠሯቸው።

«ባርሲስቱ፣» አሏቸው፤ መምህርት ማለታቸው ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት መጥረቢያ ይገባል። ጫካው ልጆቼን አላበላልኝም፣ ጫት ልተክልበት ነው። ያቺን አበባሽን ግን መጥተሽ ውሰጂያት፤ ወሬው ሳይወጣ የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነው።»

እትዬ ሥራዬ አልተከራከሯቸውም። የኦቦ ሙሜን ልጆች እኮ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ስንቱ በባዶ ሆዱ ክፍል ይገባ እንደነበር ያውቃሉ። ባለቤታቸውን ከነአይሱዙው ይዘው ሄዱ፤ ደረቁን አገዳ እየተከተሉ፣ ሥሯን ከነአፈሯ፣ ከነብስባሽ ቅጠሏ አወጡ። አቶ እንደሻው መሪያቸውን ይዘው «ሰው ከሶፊ ጫት ጭኖ ይገባል፣ እኔ አፈር ጭኜ ልግባ?» እያሉ ሲነጫነጩ ኬላ ላይ ፈታሹ አስቆማቸው።

«ምንድነው የጫናችሁት?»

«አበባ።»

«የታል አበባው?»

«አሁን የለም። መስከረም ነው የሚወጣው።»

ፈታሹ አፈሩን በሽቦ ወጋ ወጋ አድርጎ «እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም እንዴ?» ብሎ ለቀቃቸው። ከዚያ መኪናው ውስጥ ሁለቱ የሳቁትን ሳቅ አቶ እንደሻው እስኪሞቱ ያነሱት ነበር።

ታዲያ ይህን ነገር ሁላችንም ልብ እንበለው፣ ኋላ የመጣው መከራ ሁሉ ከዚህ ነው። የጫካዋ የዓመቱን ግማሽ የሞተች ትመስላለች። ጥቅምት ሲያልቅ ቅጠሏ ይጠወልጋል፣ አገዳዋ ይደርቃል፣ ከላይ ምንም አይቀርም። ከመሬት በታች ግን እንደ ትንሽ ድንች ያለ ሥሯ ተኝቷል። አሮጌው ድንች ያለውን ሁሉ ለአንድ አዲስ ድንች ሰጥቶ ይሟሽሻል፣ አዲሱ ደግሞ የሰኔን ዝናብ ይጠብቃል። በዚያ የእንቅልፍ ጊዜ ጠብታ ውሃ አትፈልግም፤ ውሃ ካገኛት ትበሰብሳለች። ፍግ አትወድም፣ አመድ አትወድም፣ ከዛፍ ሥር ከመጣ አፈር ሌላ አፈር አትቀበልም። እትዬ ሥራዬ ይህን ሁሉ የተማሩት እየገደሉና እያለቀሱ ነው። ከዚያ ግን ግቢያቸው ውስጥ በሸክላ ማሰሮ፣ ከወይዘሮ ናፊያ ቤት ግድግዳ ጥግ በተርታ ደርድረው፣ መስከረም ሲገባ መንገደኛው ሽታውን ተከትሎ በር እስኪያንኳኳ ድረስ አበቀሏት።

አንድ ጊዜ ከእጃቸው አውጥተዋት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የተወሰኑትን አምጥተው ዛሬ እኛ በቆምንበት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከወይራው ሥር ተከሏቸው። ጥር ላይ ንግሥ ሲደርስ ወጣቶቹ ግቢውን ለበዓሉ ሲያጸዱ ደረቅ አገዳ አዩ፤ በዶማ ነቅለው አቃጠሉት። እትዬ ሥራዬ ሲደርሱ ጭሱ ነበር የቀረው። ልጆቹ ደንግጠው «እማማ፣ አረም መስሎን ነው» አሏቸው። እሳቸውም ልጆቹን አልተቆጡም። ግን ቤታቸው ገብተው «ከእንግዲህ ከደጄ አትወጣም» አሉ፤ ከእናታቸው የወረሱት ያ ከበር ኋላ የመደበቅ ነገር ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደምትያዝ ለማንም አላስተማሩም። ማህሌት ልርዳዎት ስትል «ተይው፣ እኔ እሠራዋለሁ» ነው። ወይዘሮ ናፊያም ስንት ዓመት አብረው ኖረው ማሰሮዎቹን ከሩቅ ነበር የሚያዩት።

በ2006 ዓ.ም. ባለቤታቸውን አቶ እንደሻውን በሞት ተነጠቁ። በ2009 ዓ.ም. ከመምህርነት ጡረታ ወጡ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ባርኮት የሚባል ወጣት የእፅዋት ተመራማሪ ስለ አበባዋ ሰምቶ ቤታቸው መጣ። አይቷት አላመነም።

«እማማ፣ ሶፊ ላይ ጫካ የቀረበትን ሁሉ ዞሬያለሁ። ይህቺን አንድም ቦታ አላገኘኋትም። እባክዎ እናካፍላት። ግማሹ እርስዎ ጋ ይሁን፣ ግማሹ ሌላ ቦታ።»

«ለምን ሲባል?»

«አንድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ቢደርስስ?»

«እኔ እያለሁ ምን ይደርሳል?»

«እርስዎ ባይኖሩስ?»

«ሻይህ ቀዘቀዘ፣ ጠጣ» አሉት። ባርኮት በየዓመቱ መስከረም እየመጣ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም በየዓመቱ ሻይ አጠጡት።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ሐረር ተመርምረው ቶሎ አዲስ አበባ ሄደው መታከም እንዳለባቸው ተነገራቸው። ልጃቸው ሄኖክ መኪና ይዞ መጣ፣ ማህሌትም ልታስታምማቸው አብራ ተነሳች፣ ቤቱ ተቆለፈ፣ ዕቃው ተጫነ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እያሰማ ነው። እትዬ ሥራዬ ከበሩ ሲወጡ ዞር ብለው፣

«ናፊ፣ ማሰሮዎቼን አደራ!» አሉ።

ይቺን ብቻ። ምን አድርጊ፣ ምን አታድርጊ አላሉም፤ ስንት ዓመት ደብቀውት የኖሩትን ነገር በመኪና በር ላይ ቆሞ መናገር የሚቻል አልነበረም፣ ሕመሙም አላስቆማቸውም። ወይዘሮ ናፊያም «በአላህ ይሁንብኝ!» ብለው አደራውን ተቀበሉ።

ኅዳር ገባ፤ ቅጠሎቹ መጠውለግ ጀመሩ። ወይዘሮ ናፊያ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋባቸው። «ያ አላህ! የታመመ ሰው አደራ እጄ ላይ ሊሞት ነው!» ብለው ውሃ ማጠጣት ጀመሩ። ያ በጋ ደግሞ ውሃ የጠፋበት በጋ ነው፤ ቧንቧው ሲነፋ እንጂ ሲፈስ አይሰማም ነበር፣ እዚህ ያለን ሁላችንም ጀሪካን ይዘን ተሰልፈናል። ወይዘሮ ናፊያ ከተሰለፉበት ያገኙትን መጀመሪያ ለማሰሮዎቹ ያካፍላሉ፣ የተረፈው ለቤቱ ነው። ዋፊቃ ፀጉሯን ሳትታጠብ ሰነበተች። አቶ አሚን አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አልቆ፣

«ለእኔ መታጠቢያ ውሃ የለም፣ ለደረቅ እንጨት ግን አለ?» አሉ።

«አደራ ነው አሚን። ዝም በል።»

«ሞቷል እኮ፣ አታዪውም?»

«አልሞተም! እሷ ሳትመጣ አይሞትም!»

እትዬ ሥራዬ ከሆስፒታል እየደወሉ፣ ድምፃቸው ቅጥን ብሎ፣ «ናፊ፣ ማሰሮዎቹ እንዴት ናቸው?» ይላሉ። ወይዘሮ ናፊያ ደግሞ በሽተኛ ማስደንገጥ ነውር ነው ብለው «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው እትዬ ሥራዬ፣ እርስዎ ብቻ ይዳኑልን» ይሏቸዋል። አንዷ ቅጠሉ ደረቀ ብላ ብትናገር፣ አንዷ ውሃ እንዳታጠጪ ብትል ኖሮ! ግን አንዷ ለማስደሰት፣ አንዷ አበባዎቹ ከተኙ ምን ይነካቸዋል ብላ፣ ስልኩ በሰላምታ ይዘጋል።

መጋቢት ላይ ተሽሏቸው ተመለሱ። ወይዘሮ ናፊያ በር ላይ አቅፈው ከሳሟቸው በኋላ እጃቸውን ይዘው ወደ ጥጉ ወሰዷቸው።

«ቅጠሉ አልመለስ አለኝ እንጂ እትዬ ሥራዬ፣ አንድ ቀን አላስጠማኋቸውም። ወላሂ፣ እኛ ሳንጠጣ እነሱ ጠጥተዋል።»

እትዬ ሥራዬ የመጀመሪያውን ማሰሮ አፈር በጣታቸው ጫር አደረጉ። ሥሩ ጣታቸው ላይ እንደ በሰበሰ ድንች ፈረሰ፣ ሸተተ። ሁለተኛውን ነኩ። ሦስተኛውን ሳይነኩ ቀና አሉ። ወይዘሮ ናፊያን ሲያዩዋቸው ፊታቸው በበጋው ጠቁሯል፣ ጀሪካን የተሸከሙበት እጃቸው ተላልጧል፤ ምስጋና እየጠበቁ ቆመዋል።

«እግዜር ይስጥልኝ ናፊዬ» አሏቸው። ከዚያ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉና ትራሱን አፋቸው ላይ ይዘው ጮኹ። ልጃቸው ማህሌት እናቷን ያመማቸው መስሏት ሮጣ ስትገባ «አለቀች ማህሌት፣ የጫካዋ አለቀች፣ ዘሯ ጠፋ» እያሉ መሬት ላይ ነበሩ። ሰው ሲሞትባቸው እንኳ እንደዚያ ሆነው ያያቸው የለም።

ነገሩን ለወይዘሮ ናፊያ የነገረቻቸው ማህሌት ናት። ወይዘሮ ናፊያ ነጠላቸውን ሳይለብሱ ሮጠው ገብተው እግራቸው ላይ ወደቁ።

«ገደልኩብዎት! በእጄ ገደልኩብዎት! ያቺን አልጋ ሥር ያለችውን እንኳ በሩ ተቆልፎብኝ፣ በመስኮት በውሃ ጎማ ላጠጣት ሞክሬ አልደረሰልኝም ብዬ እያለቀስኩ ነው የከረምኩት!»

እትዬ ሥራዬ ቀና አሉ። «የቷን?»

ረስተዋት ነበር። ዶሮ ጭራባቸው ሊያተርፏት ከመኝታ ቤታቸው አልጋ ሥር የከተቷት አንዲት ትንሽ ማሰሮ ነበረች። ጎትተው ሲያወጧት አፈሯ እንደ ዱቄት ደርቋል። እትዬ ሥራዬ ያን ማሰሮ ታቅፈው፣ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ «በጎማ! በመስኮት!» እያሉ ወይዘሮ ናፊያን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሰኔ መጣ፣ ዘነበ፣ ምንም የለም። ሁለቱ እናቶች ጠዋት ጠዋት ማሰሮዋን ከበው ይቀመጣሉ። ሐምሌ ውስጥ ሁለት ቅጠል ወጣች፤ ዋፊቃ ጀጎል ሁሉ እስኪሰማ እልል አለች። ግን ቅጠሎቹ ከበፊቱ ያነሱ ነበሩ፣ አበባም አልመጣም። ባርኮት መጥቶ አያት።

«ሥሯ አቅም አጥሮታል። የሚከፈል ነገር የለም እማማ፣ አንድ ናት።»

«ያኔ ብሰማህ ኖሮ፣» አሉት። «ያን ሁሉ ሻይ ያጠጣሁህ ላለመስማት ነበር።»

መስከረም ላይ ሕመሙ ተመለሰባቸው። ሐኪሞቹም ከዚህ በኋላ ቤታቸው ይረፉ አሉ። ኅዳር ላይ ቅጠሎቿ እንደ ወትሮው ደረቁ፤ እሳቸውም አልጋ ላይ ዋሉ። የቀረውን ጊዜ ያስጨነቃቸው ሞቱ አይደለም፤ ማሰሮዋን ማን ይያዝ የሚለው ነው። አንድ እሑድ ልጆቻቸውን፣ ባርኮትንና ወይዘሮ ናፊያን አስጠርተው፣ ማሰሮዋ ለናፊያ ትሰጥ አሉ።

ሄኖክ ደነገጠ። «እማዬ፣ ባርኮት እያለ? እትዬ ናፊያ እኮ...»

«ጨርሰው! ያጠጣቻት እሷ ናት በል! አዎ እሷ ናት። ልጆቿን አስጠምታ የኔን ያጠጣች ናት። አንድ ቃል ነግሬያት ብሄድ ኖሮ ጠብታ ውሃ ሳታጠጣ የምትጠብቅልኝም እሷ ነበረች። ያልነገርኳት እኔ ነኝ። አሁን እነግራታለሁ።»

ባርኮትም «ትክክል ነው፣ እኔ እየመጣሁ አግዛቸዋለሁ» አለ። ወይዘሮ ናፊያ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው «አይሆንም፣ እጄ ገዳይ ነው» ብለው እምቢ አሉ። እትዬ ሥራዬ ያንን እጅ ስበው ማሰሮዋ ላይ አኖሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ አስተማሯቸው፦ አፈሩ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚመጣ፣ ጥላው ከየት በኩል እንደሚሆን፣ ዝናቡ ሲጀምር ከጣሪያ የወረደውን የመጀመሪያ ውሃ እንዳይሰጧት። ከተረፈች፣ ከተራባች ደግሞ አንዷ ለባርኮት፣ አንዷ እዚህ ከወይራው ሥር እንድትተከል ተናዘዙ። አንድም ነገር ከበር ኋላ አላስቀሩም።

እውነቱን ለመናገር ትትረፍ አትትረፍ ማንም አያውቅም። ባርኮት ራሱ «ባዶ አፈር ሊሆንም ይችላል» ብሏል። ቆፍሮ ማየት ይገድላታል። እትዬ ሥራዬም ይህን እያወቁ፣ ዓይናቸው ማሰሮዋ ላይ እንዳለ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ወይዘሮ ሥራዬ አበበ የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት ልጆች አያት፣ በሶፊ ያስተማሯቸው የብዙ ልጆች እናት ነበሩ። ከልጆቻቸው ከማህሌትና ከሄኖክ ጋር፣ ወይዘሮ ናፊያ፣ አቶ አሚንና ዋፊቃም ዛሬ የሐዘኑ ባለቤቶች ናቸው፤ እንደ ቤተሰብ አጽናኗቸው።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት የምትመጡ ሁሉ፣ ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናችኋል። በሩ ላይ እጃችሁን ስትታጠቡ፣ ከወይዘሮ ናፊያ ደጃፍ ደረቅ አፈር የያዘች አንዲት ትንሽ ማሰሮ ታያላችሁ። የእጅ ውሃ እንዳትደፉባት። አዝናችሁላት እንኳ ቢሆን አታጠጧት። ወይዘሮ ናፊያ አጠገቧ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ፤ ቢጠማቸው ለእሳቸው ስጧቸው።

የደበቀውን ሁሉ በመጨረሻ አውጥቶ የሰጠው እጃቸው ባዶውን እንዳይቀር፣ እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ ጥላው በማይነሳበት ቦታ ያሳርፍልን። ለቀረነውም ሰኔን ያሳየን። አሜን።